የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በደጃፋቸው ያለው የአገር ሀብት

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ምደባ ወጣቱን ከትውልድ ቀዬው አውጥቶ ወደማያውቀው የአገሪቱ ክፍል ያደርሳል። ይሁንና አንድን አካባቢ መኖሪያ ማድረግና አካባቢውን ማወቅ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በመኝታ ክፍል፣ በመማሪያ አዳራሽና በቤተ መጻሕፍት መካከል ብቻ ተመላልሶ ዲግሪውን የሚቀበል ተማሪ ምደባው ከሰጠው ዕድል ግማሹን ሳይጠቀምበት ይመለሳል።

ለዚህ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ማሳያ ነው። ተቋሙ በ1979 ዓ.ም በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተመሥርቶ በ1996 ዓ.ም ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። ከተማዋ የአባያና የጫሞ ሐይቆችን ቁልቁል የምትመለከት ስትሆን፣ ሐይቆቹን የሚለየው ከፍታ "የእግዜር ድልድይ" በመባል ይታወቃል። በ1966 ዓ.ም የተቋቋመውና 514 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክም በከተማዋ ጥግ ይገኛል። ለከተማዋ ስሟንና የመጠጥ ውሃዋን የሰጡት ምንጮች የሚፈልቁት በዚሁ ፓርክ ደን ውስጥ ነው።

ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ አንድ የውሃ ምህንድስና ተማሪ በእረፍት ቀኑ ወደ ከፍታው ቢወጣ ጫሞ ሰማያዊ፣ አባያ ግን ቀላ ያለ ሆኖ ያየዋል። የአባያን ቀለም የለወጠው ጎርፍ ጠርጎ ያመጣው ደለል መሆኑን ሲረዳ፣ በክፍል ውስጥ በቀመር የተማረው የአፈር መሸርሸር በዓይኑ ፊት ይቆማል። ወደ ደቡብ ተጉዞ ኮንሶ ቢደርስ ደግሞ ለዚሁ ችግር ገበሬው ያበጀውን መፍትሔ ያገኛል። ከ21 ትውልድ ወይም ከ400 ዓመታት በላይ የዘለቀው የኮንሶ የድንጋይ እርከን ባህል መልክዓ ምድሩን በ2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አስመዝግቧል።

ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ በቀርከሃ የሚሠሩት የዶርዜ ቤቶችም የሥነ ሕንፃ ትምህርት ናቸው። የአዲስ አበባን ሽሮ ሜዳ የሚያውቅ ተማሪ በዚያ የሚሸመነው ጥበብ መነሻው የት እንደሆነ እዚህ ይረዳል።

ትምህርቱ በተፈጥሮና በዕደ ጥበብ ብቻ አይወሰንም። በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩ የደረሰውን ጥቃት ተከትሎ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሱ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ መመለሳቸው ይታወሳል። ነገ በዳኝነት፣ በአስተዳደር ወይም በጤና ሙያ ሕዝብን የሚያገለግል ወጣት እንዲህ ያለውን የእርቅ ሥርዓት ከባለቤቶቹ አንደበት መስማቱ ከማንኛውም ሥልጠና የማይተናነስ ስንቅ ይሆነዋል።

በእርግጥ እንቅፋቶች አሉ። የተማሪው ኪስ ስስ ነው፤ ትራንስፖርትና የመግቢያ ክፍያ ለብቻው ይከብዱታል። ተቋማትም ለተማሪዎቻቸው ደኅንነት ኃላፊነት ስላለባቸው የፀጥታውን ሁኔታ ሳያጣሩ ጉዞ ሊያበረታቱ አይችሉም። ያልተመራ ጉብኝት ሀብቱንም ይጎዳል። ነጭ ሣር ሊጠብቃቸው ከተቋቋመላቸው እንስሳት አንዱ የሆነው የስዌይን ቆርኬ እጅግ ተመናምኗል፤ ደኑም የማገዶ ጫና አለበት።

ችግሮቹ ግን በአነስተኛ ወጪ ሊቃለሉ የሚችሉ ናቸው። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጠው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ትምህርት በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ የመስክ ቀን ሊኖረው ይችላል። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ለተማሪዎች የሚሆን ዝቅተኛ ክፍያ ቢወስኑ፣ የአካባቢው ወጣቶች በአስጎብኚነት ቢሰማሩና ዩኒቨርሲቲዎች ጉዞውን በቡድን ቢያደራጁ ተጠቃሚነቱ የጋራ ይሆናል።

ተማሪው ከተመረቀ በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ስለ ሐይቅ፣ ስለ ፓርክና ስለ እርከን ይወስናል። ያየውን አገር የሚያስተዳድር ባለሙያና በካርታ ብቻ የሚያውቀውን አገር የሚያስተዳድር ባለሙያ ውሳኔያቸው አንድ ሊሆን አይችልም። በመሆኑም የዩኒቨርሲቲ አመራሮችና በየደረጃው ያሉ የአስተዳደር አካላት ጉዳዩን እንደ መዝናኛ ሳይሆን የትምህርት አካል አድርገው በቅንጅት ሊሠሩበት ይገባል።