ዛፉና ጢሱ ሲገናኙ

ዛፍ መትከል በጎ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። መንገድ መሥራትም እንዲሁ በጎ ነው። ነገር ግን ሁለት በጎ ሥራዎች፥ አንዱ ስለ ሌላው ሳያስብ በአንድ ስፍራ ሲገናኙ፥ ማንም ያልጠበቀው ጉዳት ሊወለድ ይችላል። ለዚህ የጃፓን አገር ታሪክ ጥሩ ምስክር ስለሆነ፥ ዛሬ እርሱን እንመልከት። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጃፓኖች «ሱጊ» የሚሉት ረጅም ዛፍ ከእኛው ጥድ ጋር በዘር ይዛመዳል። ከቶኪዮ በስተ ሰሜን በምትገኘው በኒኮ ከተማ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት የተተከሉ ሱጊዎች ግራና ቀኝ የቆሙበት፥ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ጐዳና አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ተራሮቹ ስለ ተራቈቱና እንጨት ስላስፈለገ፥ መንግሥት ሱጊን በብዛት አስተከለ። ዛሬ የተተከለው የሱጊ ደን ከ4 ሚሊዮን ሔክታር በላይ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ሐኪሞች ከዚያችው ከኒኮ የተነሣ አንድ አዲስ ደዌ አስታወቁ። በጸደይ ወራት ሱጊው የአበባ ብናኙን በነፋስ ሲበትን፥ ሕመምተኞቹ ያለ ማቋረጥ ያነጥሳሉ፤ አፍንጫቸው ይዘጋል፤ ዓይናቸው ቀልቶ ያለቅሳል። ይህ አለርጂ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ሰውነት ጉዳት የሌለውን እንግዳ እንደ ጠላት ቈጥሮ የሚያነሣበት ጦር ነው።

እንግዲህ ሱጊ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ዛፍ ሲሆን፥ ደዌው ስለ ምን አሁን መጣ? በ1987 ዓ.ም. የወጣ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጠ። በኒኮ አካባቢ የአበባው ብናኝ በደኑም በጐዳናውም ብዙ ሳለ፥ ሕመሙ የበረታው መኪና በሚበዛበት በሱጊው ጐዳና ዳር በሚኖሩት ላይ እንጂ፥ መኪና በማይበዛበት ደን ውስጥ በሚኖሩት ላይ አልነበረም። ከዚያ በፊት በ1986 ዓ.ም. የጃፓን ተመራማሪዎች የናፍጣ ጥቀርሻን ከፕሮቲን ጋር ቀላቅለው ለአይጦች ቢሰጡ፥ የአይጦቹ ሰውነት አለርጂ የሚያስነሣውን መከላከያ አብዝቶ ማውጣቱን አይተው ነበር።

ጢሱ የሚሠራው በብዙ መንገድ ነው። ጥቀርሻው የአፍንጫን ውስጥ ያቈስላል፤ በብናኙም ላይ ይለጠፋል። በጢሱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከኦዞን ጋር ሆኖ የብናኙን ፕሮቲን ጠባይ ይለውጣል። ዛፉ ራሱም አይተርፍም። በ2013 ዓ.ም. ከጀርመን አገር፥ ከሙኒክ አካባቢ የወጣ ጥናት፥ ኦዞን በበዛበት ስፍራ የበቀለው የበርች ዛፍ ብናኝ የአለርጂውን ፕሮቲን በብዛት እንደ ያዘና የሕመምተኞችን ቈዳ አብዝቶ እንዳስቈጣ አስረድቷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ለክፉም ማበር አለ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በጢስ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በ2003 ዓ.ም. ቶኪዮና ጐረቤቶቿ ከተወሰነው ልክ በላይ ጥቀርሻ የሚተፉ የናፍጣ መኪናዎች እንዳይነዱ ከለከሉ፤ አየሩም ጠራ። ነገር ግን የአፍንጫና የጆሮ ሐኪሞች በራሳቸውና በቤተ ሰባቸው ላይ ባደረጉት ቈጠራ፥ በ1998 ዓ.ም. ከመቶ 16 የነበረው የሱጊ ሕመምተኛ በ2019 ዓ.ም. ከመቶ 39 ያህል ደረሰ። ከጦርነቱ በኋላ የተተከለው ደን ጐልምሶ ብናኙን አብዝቷልና ነው። ስለዚህ መንግሥት በ2023 ዓ.ም. የሱጊን ደን በ10 ዓመት ውስጥ ከመቶ 20 ያህል ለመቀነስ ወሰነ።

ከዚህ ለተማሪና ለወጣት ሹም የሚሆን ትምህርት አለ። በጃፓን ደኑን ያስተከለው አንድ መሥሪያ ቤት፥ መንገዱን ያሠራው ሌላ መሥሪያ ቤት ነበር። ሁለቱም ሥራቸውን ፈጽመዋል፤ የጐዳናው ዳር ነዋሪ ግን በሁለቱም መዝገብ ውስጥ አልነበረም። በአገራችንም የሱጊ ዘመድ የሆነው የፈረንጅ ጥድ በየኰረብታውና በየአጥሩ ተተክሏል፤ መኪናውም ዕለት ዕለት ይበዛል። ዛፍ መትከሉ ይቀጥል። ነገር ግን ችግኙ ጐዳና ዳር ከመተከሉ በፊት፥ «ይህ ዛፍ ከ30 ዓመት በኋላ ምን ይበትናል? በዚህስ መንገድ ምን ይጤሳል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ይኑር። ጥያቄው ዛሬ ወጪ የለውም፤ ጃፓኖች መልሱን የሚፈልጉት ግን ደኑ ካደገ በኋላ በመጥረቢያ ነው።