ስለ ትራክተር ማርሽ ጥርስና ስለ ላዩ አሠራር

ክቡራን የወረዳ ሹማምንትና ባለእርሻዎች ሆይ፤ ከጊንጪ እስከ አምቦ፥ ከጉደር እስከ ጌዶ ባለው አገር የትራክተር ካምቢዮ ሲሰበር የጥገናውን ሒሳብ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁና፥ ስለ ማርሽ ጥርስ ያለኝን አሳብ ላቅርብ።

ባለፈው ክረምት በአንዲት ከተማ አንድ ካምቢዮ ሲፈታ አየሁ። ጥርሱ ከጥቂት ወራት በፊት ተበይዶ በመሳያ ድንጋይ ተስተካክሎ ነበር። ሥራው ለዓይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን በሐምሌ፥ ለጤፍ የሚሆነው ጥቁር መረሬ በሚታረስበት ሳምንት፥ ያው ጥርስ ወለቀ። ገበሬዎቹም ተራቸውን ሲጠብቁ የዘር ጊዜ አለፋቸው። ጠጋኙን ብጠይቀው «ብረቱ ጠንካራ አልነበረም» አለኝ። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ አይመስለኝም።

የማርሽ ጥርስ ሁለንተናው እኩል የጠነከረ አይደለም። ሲሠራ አረብ ብረቱ በእቶን ውስጥ ካርቦን እንዲጠጣ ይደረግና በዘይት ይነከራል፤ አንድ ሚሊሜትር ያህል የሚሆነው ቆዳው እጅግ ሲጠነክር፥ ውስጡ እንዳይሰበር ጥቂት ላላ ብሎ ይቀራል። ማረሻ ያለ ልክ ቢጠነክር ከድንጋይ ሲጋጭ እንዲሰበር የአገራችንም ባለእጅ ያውቃል። እንግዲህ ይህ ቆዳ ሲበየድ ከ200 ዲግሪ እጅግ የበለጠ ሙቀት ያርፍበትና ይላላል፤ ያለ ልክ ሲሳልም ወይ ተፍቆ ያልቃል፥ ወይ ተቃጥሎ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያወጣል።

የላዩም ልስላሴ ቀላል ነገር አይደለም። በሚገናኙት ጥርሶች መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ብዙ ጊዜ ከሚሊሜትር ሺሕኛ እጅ እንኳ ያነሰ ነው፤ ሻካራው ከዚያ ከበለጠ ብረት ብረትን ይነካል፥ ላዩም መቦርቦር ይጀምራል። ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1982 ባወጣው ምርመራ፥ በጥቃቅን የብረት እንክብል የተደበደበ ጥርስ ካልተደበደበው 1.6 እጥፍ፥ በ2000 ባወጣውም እጅግ የለሰለሰው በድንጋይ ብቻ ከተሳለው 4 እጥፍ ያህል መቈየቱን አስታውቋል። ብራና ሲፋቅ ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም።

ስለዚህ በእኔ አሳብ የተበየደ ጥርስ ለሕዝብ ወደሚያገለግል ትራክተር መግባት የለበትም። አዲስ ሲገዛም በጨረታው ወረቀት «ጠንካራ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የቆዳው ውፍረት፥ ከጠነከረም በኋላ እንዴት እንደ ተሳለና እንደ ለሰለሰ ይጻፍ። ዋጋው መወደዱን አልክድም፤ አንድ መኪና ብቻ ላለው ወረዳ ይከብዳል። ነገር ግን ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚባክነው ሳምንት በሒሳብ መዝገብ አይጻፍምና፥ ርካሹ ጥገና ርካሽ ይመስላል። ዕቃው በሰኔ ሳይሆን በጥር ይታዘዝ።