ድመቷ ምን እያለች ነው?

ማምሻውን ከሥራ ገብተን በሩን ስንከፍት ድመታችን ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ትቀበለናለች። ይህ ሰላምታዋ ነው። ጉንጯን እግራችን ላይ የምታሻሸው ጠረኗን ለማሳረፍ፣ የቤቷ ሰዎች መሆናችንን ለመግለጽ ነው። ጭናችን ላይ ወጥታ በፊት እግሮቿ እንደ ሊጥ ስታሸን ደግሞ እናቷን ስትጠባ የነበራት ልማድ አልለቀቃትም ማለት ነው።

ባለፈው ሰሞን ድመታችን በጀርባዋ ተንጋላ ሳለ የአራት ዓመቱ ልጄ ሆዷን ያሻሻት ጀመር። ወዲያው እጁን ቧጨረችው። ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበን ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና። ስንመለስ ድመቷን ከቤት ላባርራት ቆርጬ ነበር።

ነገሩን ሳስበው ግን ጥፋቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። ድመት ሆዷን ስታሳይ «አምናችኋለሁ» ማለቷ እንጂ «ንኩኝ» ማለቷ አይደለም። ጅራቷን ስታወናጭፍና ጆሮዋን ወደ ኋላ ስታጥፍም «ይበቃኛል» ማለቷ ነው። ይህን ለልጄ አላስተማርሁትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሰው ዓይኑን በዝግታ ጨፈን ከፈት ሲያደርግላቸው ድመቶችም በዚያው ዓይነት ይመልሳሉ፤ ለመቅረብም ይደፍራሉ። ልጄ አሁን ድመቷን ሰላም የሚላት በዚህ መንገድ ነው። እጁን የሚዘረጋው እርሷ ስትጠጋው ብቻ ነው።

እናቶች፣ ድመታችሁን አስከትቡ፤ ልጆቻችሁንም ጠባይዋን አስተምሩ። ከድመት «ይበቃኛል»ን የተረዳ ልጅ ከጓደኛውም ሲሰማው አይቸገርም።