እሾህን በእሾህ፤ ለመድኃኒት የማይበገሩ ጀርሞችን ስለ መዋጋት

በግመል፣ በበግና በፍየል የሚተዳደር ሕዝብ የእንስሳቱን ጤና እንደ ዓይኑ ብሌን ቢጠብቅ የሚፈርድበት የለም። በሐርጌሣ ከተማ፣ ተፈናቃዮች ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ በሆነው በመሐመድ ሞጌ የሚኖረው ሰው ከብቶቹን በድርቅ ቢያጣ እንኳ፣ ወተትና ሥጋ የሚያገኘው ከአርቢው ነው። ስለዚህ አርቢው ለታመመ እንስሳው የሚሰጠው መድኃኒት የከተሜውም ጉዳይ ነው።

የዛሬው ችግር መድኃኒት መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ያለውም ኃይሉን እያጣ መሄዱ ነው። እንስሳው ያሳለው እንደ ሆነ ሐኪም ሳይጠየቅ የቴትራሳይክሊን ዓይነት መርፌ ይወጋል፤ በማግሥቱ ሻል ሲለው ሕክምናው ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ ደካሞቹ ጀርሞች ያልቃሉ፤ ብርቱዎቹ ግን ተርፈው ይራባሉ። ይባስ ብሎም መድኃኒቱን የሚቋቋሙበትን ባሕርይ ለሌሎች ጀርሞች ያስተላልፋሉ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ከሐርጌሣ አጠገብ በነበረው በጋኔት የስደተኞች ሰፈር፣ ከኢትዮጵያ በተሰደዱት ሰዎች መካከል ኮሌራ ገብቶ ብዙ መቶ ነፍስ አጠፋ። በ1986 ደግሞ ሊቃውንት ብዙ ዓይነት አንቲባዮቲኮችን የሚቋቋም የኮሌራ ጀርም በሶማሊያ መሠራጨቱን በጽሑፍ አስታወቁ። የኮሌራ ዋናው ሕክምና ከሰውነት የወጣውን ውሃና ጨው መተካት ነው። ሆኖም በሽታውን የሚያሳጥረው መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር የሐኪሙ እጅ ይታሰራል። ቴትራሳይክሊንና ዘመዶቹ ለሰው ኮሌራም ለከብት ሕመምም ሲሰጡ የኖሩ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

ለዚህ ጭንቀት ከታሰቡት መላዎች አንዱ ባክቴሪዮፋጅ፣ ባጭሩ ፋጅ የተባለው ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ሰውን ወይም ከብትን ትቶ ባክቴሪያን ብቻ ያጠቃል። በባክቴሪያው ላይ ተጣብቆ ዘሩን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በዚያም ተባዝቶ ግድግዳውን አፍርሶ ይወጣል። እሾህን በእሾህ ማለት ይህ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ትዎርት በ1915፣ ፊሊክስ ዴሬል ደግሞ በፓሪስ በ1917 ስለ ፋጅ ገለጹ። ዴሬል በ1920ዎቹ ዓመታት በሕንድ አገር በኮሌራ ላይ ሞከረው። በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ በ1923 የተመሠረተው ተቋምም ሥራውን እስከ ዛሬ አላቋረጠም። በ2016 በአሜሪካ በሳን ዲየጎ፣ ግብፅ ሳለ በማይበገር ጀርም ተይዞ ለሞት የተቃረበው ቶም ፓተርሰን በፋጅ ታክሞ ድኗል።

የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚያፈርሰው ኤንዶላይሲን የሚባል ኤንዛይም ነው። ኤንዛይሙን ለብቻው አጥርቶ የላምን ጡት የሚያሳብጠውን ስታፊሎኮከስን ለመግደል ምርምር ይደረጋል። የኮሌራው ዓይነት ጀርም ግን ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላለው ኤንዛይሙ በቀላሉ አይደርስበትም።

ይሁን እንጂ ተስፋው ከልክ ማለፍ የለበትም። ደም ውስጥ በገባ ስታፊሎኮከስ ላይ ይሞከር የነበረ አንድ ኤንዛይም፣ በተለመደው ሕክምና ላይ ተጨምሮ ብልጫ ስላላሳየ በ2022 ሙከራው ቆሟል። ባክቴሪያ ፋጅንም መቋቋም ይለምዳል፤ ስለዚህ ብዙ ዓይነት ፋጅ ተቀላቅሎ ይሰጣል። ሁሉም ፋጅ ወዳጅ አይደለም፤ የኮሌራን መርዝ የሚያወርሰው ራሱ በጀርሙ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ፋጅ መሆኑ በ1996 ታውቋል። እንግዲህ ፋጅ ሳይመረመርና ሳይመረጥ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ባለ ሥልጣኖች ሊያስቡበት የሚገባው ነገር አለ። ፋጅ እንደ ፔኒሲሊን ብዙ ዓይነት ጀርም አይገድልም፤ እያንዳንዱ የራሱን ጀርም ይመርጣል። በትብሊሲ የተገኘው የሐርጌሣውን ጀርም ላይነካው ይችላል። ስለዚህ ከውጭ ገዝቶ በመጋዘን ማከማቸት አይበቃም፤ በአገር ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል። የሚገኘውም ጀርሙ በሚበዛበት በቆሻሻ ውሃ፣ በእበትና በቄራ ፍሳሽ ውስጥ ነው።

ይህ ለድኻ አገር የማይቻል ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም በዶሮ ላይ የሚገኘውን ሳልሞኔላ በፋጅ ለመቀነስ ሠርቷል። በቢሾፍቱም ለከብት ክትባት የሚያመርት ተቋም ከ1964 ጀምሮ አለ። የሚቀረው የእንስሳት ላቦራቶሪዎች ከታመሙ ከብቶች የሚያገኟቸውን ጀርሞችና የሚገድሏቸውን ፋጆች በሥርዓት እንዲያኖሩ ማዘዝ፣ ወጣት ባለሙያዎችንም ለዚሁ ማሠልጠን ነው። በሽታ የድንበር ኬላ ስለማያግደው፣ ሐርጌሣና አዲስ አበባ የሚያገኙትን እውቀት ቢለዋወጡ ይጠቀማሉ።

እስከዚያው ድረስ አርቢው ያለ እንስሳት ሐኪም ምክር አይውጋ፤ የታዘዘውን አያቋርጥ፤ መርፌ የተወጋችን እንስሳ ወተት ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳይሞላ አይሽጥ። ከተሜውም አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይግዛ። ፋጅ ነገ የሚረዳ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ በእጅ ያለውን መድኃኒት ማባከን ግን የነገውንም ሥራ ያከብዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል።