የሻምፒዮኑን ቦርድ ለሻምፒዮኑ ተዉለት

ነገሬን በግልጽ ልጀምር። በካይት እየተጎተተ የባሕር ሞገድ መጋለብ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ሱቅ ቢገባ ከሁለት ስህተቶች አንዱን ከፍሎበት ይወጣል። ወይ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ ለሞገድ ያልተሠራ ቦርድ ይሸጥለታል። ወይ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ስም የተጻፈበት፣ ለችሎታውም ለሚሄድበት ባሕርም የማይሆን ቀጭን ቦርድ ያስታቅፉታል። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ሁለቱም ሰውየውን ከስፖርቱ ያስኮበልላሉ። ጥቂት ቅዳሜና እሁድ ሲወድቅ ሲነሣ ይከርምና «ሞገድ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ግን የእሱ ሳይሆን የቦርዱ ነው። ከቦርዱም በላይ የሸጠለት ሰው ነው።

«ባሕር የሌለው አገር ልጅ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባዋል እንጂ! አማርኛ የሚናገር ወጣት ዛሬ ኬፕታውን አለ፣ ቴል አቪቭ አለ፣ ዱባይ አለ። እንዲያውም ነገሩ ከማንም በላይ የሚጎዳው እኛን ነው። ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ቦርድ የሚመርጠው ታላቅ ወንድሙና የሰፈሩ ልጆች የሚጋልቡበትን እያየ ነው። እኛ ግን ባሕሩን የምንተዋወቀው ከደጋ ወርደን፣ በሃያ ምናምን ዓመታችን ነው። የምንጠይቀው ሰው የለንም፤ ያለን ምክር የሻጩ ምክር ብቻ ነው። ሻጭ ደግሞ መጀመሪያ የሚመክራችሁ መጋዘኑ ውስጥ የተከመረውን ነው። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቻችን ወራት አጠራቅመን ነው አንድ ቦርድ የምንገዛው።

በመጀመሪያው ስህተት እንጀምር። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ትዊን ቲፕ ነው። ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ከ135 እስከ 140 ሴንቲ ሜትር ግድም የሚረዝም፣ ውፍረቱ የጣውላ ያህል የሆነ ቦርድ ነው። ፊትና ኋላ የለውም፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እግር ሳይቀያየር ይሄዳል። ለመማሪያ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ከኬፕታውን በስተ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ላንገባን፣ ውሃው ረጋ ያለ ሐይቅ መሰል የባሕር ገብ ነው፤ እዚያ ትዊን ቲፕ ንጉሥ ነው። ማንም በዚህ አይከራከርም።

ከዚያ ተነሥታችሁ ግን ወደ ኬፕታውን ብላውበርግ ኑ። በበጋ «ኬፕ ዶክተር» የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞገድም እየተገለበጠ ይሰበራል። እዚህ ትዊን ቲፕ ማንነቱ ይጋለጣል። ለምን ቢሉ፣ ትዊን ቲፕ የሚቆመው በካይቱ ጉተታ ነው። በውስጡ ያለው ይዘት ጥቂት ሊትር ብቻ ስለሆነ ካይቱ መጎተቱን ሲቀንስ ቦርዱ ይሰጥማል። የሞገድ ግልቢያ ትርጉሙ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ካይቱን ዝም አሰኝቶ፣ ገመዱን አላልቶ፣ ሞገዱ ራሱ እንዲሸከም መፍቀድ። ካይቱ ወደ ሞገዱ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የሞገዱ ነው። በትዊን ቲፕ ሞገድ ላይ የወጣ ሰው ግን ሞገዱን አይጋልበውም፤ ካይቱ እየጎተተው በላዩ ያልፋል። ባቡር መንገዱን ቆርጦ እንደሚያልፍ በሬ ማለት ነው። ሐዲዱን ረግጧል፤ ባቡሩን ግን አልተሳፈረም።

የትዊን ቲፕ ጠበቆች ክርክር አላቸው፤ እሱንም በሐቅ እናስቀምጠው። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ፤ አንድ ቦርድ ለረጋ ውሃም ለሞገድም ከሆነ ወጪ ይቆጥባል። ደግሞም ፊትና ኋላ ባለው ሰርፍቦርድ አቅጣጫ ሲቀየር እግር መቀያየር ግድ ነው፤ ለጀማሪ ይከብዳል። እግር መቀያየሩ መክበዱ እውነት ነው። ግን የሚለመድ ነገር ነው፤ ልምምዱንም እዚያው ትዊን ቲፕ ላይ፣ ጀርባን ወደ ካይቱ ሰጥቶ በጣት በኩል በመሄድ መጀመር ይቻላል። ትዊን ቲፕን ሞገድ ማስተማር ግን አይቻልም። ስለ ወጪውም ቢሆን፣ የማያገለግል ዕቃ ርካሽ ሆኖ አያውቅም። ትዊን ቲፕ ካላችሁ አትሽጡት፤ ለረጋው ውሃ ያዙት። ለሞገድ ግን ሰርፍቦርድ ግዙ።

ሁለተኛው ስህተት የበለጠ ያናድዳል፤ ምክንያቱም የሚያጠምደው የተሻለውን የሚፈልገውን ሰው ነው። ይህ ሰው ሰርፍቦርድ እንደሚያስፈልገው ገብቶታል። ሱቅ ሲገባ ግን ግድግዳው ላይ የሻምፒዮን ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከፎቶው ሥር ሻምፒዮኑ የሚጋልብበት ቦርድ ቆሟል። ቀጭን፣ ጠባብ፣ አፍንጫው ወደ ላይ የተቀለበሰ። ማን እምቢ ይላል?

ሚቱ ሞንቴሮን ውሰዱ። የኬፕ ቨርድ ልጅ ነው፤ በ2008 የካይት ሞገድ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። እግርን ከቦርዱ ጋር ሳያስሩ መጋለብን ለዓለም ካስተዋወቁት ቀደምቶች አንዱ ነው። አፍሪካዊ ስለሆነ እኔም እኮራበታለሁ። ግን አስተውሉ፤ የሚቱ ሰፈር ሳል ደሴት ነው፤ እዚያ ፖንታ ፕሬታ የሚባለው ሞገድ ከየብስ በሚነፍስ ነፋስ ተቃንቶ፣ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሠርቶ ቋጥኝ አጠገብ ይሰበራል። እንዲህ ላለ ሞገድ ጠባብና የተቀለበሰ ቦርድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይሰካል። እናንተ ቅዳሜ የምትሄዱበት ባሕር እንዲህ ነው? በቴል አቪቭ በኩል ያለው የሜዲትራኒያን ሞገድ ብዙውን ጊዜ የአካባቢው ነፋስ ያነሣው፣ እርስ በርሱ የተጠጋጋና ጉልበቱ ትንሽ የሆነ ነው። ዱባይ ካይት ቢች ላይማ ብዙ ቀን ሞገድ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ውሃ ላይ የሻምፒዮኑ ቦርድ አይፈጥንም፣ ወደ ነፋሱ አይወጣም፣ ካይቱ ሲደክም ይሰጥማል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለዚህ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለውም እንዲሁ።

ታዲያ ምን እንግዛ? መልሱ ሦስት ጥያቄ ውስጥ ነው፦ ክብደታችሁ ስንት ነው፣ የምትሄዱበት ሞገድ ምን ዓይነት ነው፣ ችሎታችሁ የት ደርሷል። ሻጩ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይጠይቅ ወደ መደርደሪያው ከሄደ እናንተም ወደ በሩ ሂዱ።

75 ኪሎ ግድም ለሚመዝን፣ ሞገድ ለሚጀምር ሰው እኔ የምመክረው ከ170 እስከ 180 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 48 ሴንቲ ሜትር ግድም የሚሰፋና ይዘቱ ከ25 ሊትር ከፍ የሚል ቦርድ ነው። አንድ ሊትር ይዘት በግምት አንድ ኪሎ ያንሳፍፋል፤ ስለዚህ 25 ሊትር ቆማችሁበት አያንሳፍፋችሁም። ማንሳፈፍም አይጠበቅበትም፤ የቀረውን ካይቱና ፍጥነቱ ይሸከማሉ። ነፋሱ ድንገት ሲቀዘቅዝ ግን እያንዳንዷ ሊትር ታስፈልጋለች። ክብደታችሁ ከዚህ ከበለጠ ከፍ በሉ፣ ካነሰ ዝቅ በሉ።

ቀጥሎ ቦርዱን ከጎን እዩት። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ያለው ቅስት ሮከር ይባላል። ቅስቱ ሲበዛ ቀጥ ላለ ሞገድ ይሆናል፤ ሲያንስ ደግሞ በደካማ ሞገድ ይፈጥናል፣ ወደ ነፋሱም በቀላሉ ይወጣል። አብዛኞቻችን የምንሄድበት ባሕር የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ጠርዙ ሞላ፣ ክብ ያለ ይሁን፤ ስለታም ጠርዝ ስህተትን ይቅር አይልም። ከሆዱ ሥር ያሉትን ፊኖች በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። አውስትራሊያዊው ሳይመን አንደርሰን በ1981 በውድድር አሸንፎበት ዝነኛ ያደረገው ባለ ሦስት ፊን አሠላለፍ እስከ ዛሬ ያገለግላል። አራት ፊን የተሻለ ፍጥነት ይሰጣል፤ ሦስቱ ግን ሲታጠፉ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድሞ ይታወቃል። ለጀማሪ ሦስት ይበቃል።

«ተራ የሰርፍ ቦርድ ርካሽ ነው፤ እሱን ብገዛስ?» የሚል ጥያቄም አለ። በደካማ ነፋስ፣ ሳይዘሉ፣ ይሠራል። ነገር ግን ተራው ሰርፍቦርድ የተሠራው በእጅ ተቀዝፎ እንዲሄድ ነው፤ የላይኛው ገጹ ስስ ነው። በካይት ሙሉ ጉተታ ስትቆሙበት ተረከዛችሁ ያጎደጉደዋል፤ ዘላችሁ ስታርፉበት ሊሰበር ይችላል። ለካይት የሚሠሩት ገጻቸው የተጠናከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትንሽ ይከብዳሉ፤ ክብደቱን ተቀበሉት። ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ደግሞ ቀለሙን ትታችሁ በእጃችሁ መርምሩት። ገጹን በአውራ ጣት ተጫኑ፤ ከለሰለሰና ከሸሸ ሽፋኑ ከአረፋው ተላቅቋል ማለት ነው። የፊኖቹ መሰኪያ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ቡናማ እድፍ ከታየ፣ ውስጡ ውሃ ጠጥቷል። ተዉት። አምና የወጣ ደህና ቦርድ ዘንድሮ ከወጣ የማይሆን ቦርድ ይበልጣል፤ ሞገዱ ካታሎግ አያነብም።

የእግር ማሰሪያን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ለጀማሪ ይውጣ። ማሰሪያ በጣም ኃይለኛ ነፋስና ትልልቅ ሞገድ ላይ ለሚጋልብ የሚጠቅምበት ቦታ አለው፤ አልክድም። ሞገድ የሚማር ሰው ግን እግሩን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ ክብደቱን ማዛወር መማር አለበት፤ የታሰረ እግር አይማርም። ሲወድቅም ቦርዱ ከእግሩ ቢላቀቅለት ለጉልበቱና ለቁርጭምጭሚቱ ይሻለዋል።

«እንግዲያው ቦርዱ እንዳይሄድብህ በገመድ እሰረው» የሚላችሁ ሻጭ ከገጠማችሁ ግን ከዚያ ሱቅ ምንም አትግዙ። ቦርድን ከሰውነት ጋር የሚያስረው ገመድ በእጅ ለሚቀዝፈው ሰርፈር ደህና ነው፤ በካይት ለሚጎተት ግን አደጋ ነው። ወድቃችሁ ካይቱ ሲጎትታችሁ ቦርዱ ወደኋላ ይቀራል፤ ገመዱ ተወጥሮ ሲመለስ ቦርዱን ጭንቅላታችሁ ላይ ይወረውረዋል። መፍትሔው ገመድ ሳይሆን ትምህርት ነው፤ ያለ ቦርድ፣ በካይቱ ብቻ በውሃው ውስጥ እየተጎተቱ ወደ ቦርዱ መመለስን መቻል። ይህን ያልቻለ ሰው ለሞገድ አልደረሰም። የትኛውም ቦርድ አያደርሰውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የካይት ገመድ ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል። በእጃቸው እየቀዘፉ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰርፈሮች መካከል ይህን ገመድ ይዞ መግባት ነውር ብቻ ሳይሆን ሰው መጉዳት ነው። የሚሆናችሁን ቦርድ ስትይዙ ቦታ መምረጥም ይቀላችኋል፤ የማይታዘዝ ቦርድ የያዘ ሰው የሚሄደው ካይቱ ወደ ወሰደው ነው።

እንግዲህ ክርክሬ ይህ ነው። ማስታወቂያው የሚሸጥላችሁ የሌላ ሰው ክብደት፣ የሌላ ሰው ችሎታ፣ የሌላ አገር ሞገድ ነው። የእናንተን ክብደት ሚዛኑ ያውቀዋል፤ ሞገዳችሁን አንድ ከሰዓት ዳርቻው ላይ ቁጭ ብላችሁ ብታዩት ታውቁታላችሁ። ቀድሞ እሱን እዩት። ሱቁ ነገም ክፍት ነው።