ባለቤት ያጣው የወባ መድኃኒት

ኩዊናክሪን የተባለውን መድኃኒት ዛሬ የሚያውቀው ተማሪ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን ለወባ የተሠራ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ግንባር የተሰለፉ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ወታደሮች ይውጡት ነበር። ቆዳን ቢጫ ስለሚያደርግ ብዙዎቹ አይወዱትም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ክሎሮኪን ቦታውን ወሰደበት።

ይኸው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ዮርኩ ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘንድ እንደገና ብቅ አለ፤ የተሞከረውም በሜዞቴሊዮማ ሕዋሳት ላይ ነው። ሜዞቴሊዮማ በአብዛኛው የሳንባን ስስ ሽፋን የሚያጠቃ ካንሰር ሲሆን ዋነኛ መንስኤው አስቤስቶስ ነው። የማዕድኑ ቀጫጭን ጭረቶች ከትንፋሽ ጋር ገብተው በሽታው የሚገለጠው ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ዋግነርና ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ 33 ሕሙማንን መርምረው ይህን ግንኙነት ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ ሲስፕላቲን ላይ ፔሜትሬክስድ ሲጨመር የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ ከ9.3 ወደ 12.1 ወር ከፍ ማለቱን ዘገበ። የሦስት ወር ገደማ ጭማሪ መሆኑ ነው!

ኩዊናክሪን በሊዞዞም ውስጥ ተጠራቅሞ አሲድነቱን ይቀንሳል። በዚህም የተራበ የካንሰር ሕዋስ የገዛ ክፍሎቹን እየፈጨ ራሱን የሚመግብበት መንገድ ይታወካል።

ይሁን እንጂ ይህ የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪንም የኮቪድን ቫይረስ በላቦራቶሪ ገትቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ የተካሄደው «ሪከቨሪ» የተሰኘ ሙከራ ግን ሆስፒታል የተኙ ሕሙማንን ከሞት እንደማያድን አረጋገጠ። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የድሮ መድኃኒቶችን መፈተሽ ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። እኔ የምማረው ተቃራኒውን ነው። ያ ሙከራ በሦስት ወር ገደማ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠው ወጪውን የሸፈነው የሕዝብ ገንዘብ ስለነበረ ነው። የኩዊናክሪን የባለቤትነት መብት ግን ካበቃ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በሽታውም ብርቅ ነው። ትርፍ የሌለበትን ውድ ክሊኒካዊ ሙከራ የትኛው ኩባንያ ይከፍልበታል?

መክፈል ያለባቸው አደጋው ከታወቀ በኋላም አስቤስቶስ እንዲቆፈርና እንዲሸጥ የፈቀዱ መንግሥታት ናቸው። አሜሪካ ክራይሶታይል የተባለውን ዓይነት የሚከለክል ደንብ ያወጣችው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ከዋግነር ጽሑፍ በኋላ 64 ዓመት መቆጠሩ ነው። የሙከራው መልስ «አይሠራም» ቢሆን እንኳ፣ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ሕመምተኛ ያን የማወቅ መብት አለው።