የመሪ እውነተኛ ወዳጅ

አበው «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብለው ሲተርቱ፣ ዘውድ የጫነን ሰው ወደ ሸንጎ የሚጠራ ዳኛ በዘመናቸው እንዳልነበረ ያውቁ ነበርና ተረቱ የዕለት ኑሯቸው ምስክር ነበረ፤ ዛሬ ግን በብዙ አገሮች ሕገ መንግሥት ተጽፎ፣ ምክር ቤት ቆሞ፣ ዳኛውም ከቤተ መንግሥት ጥላ ወጥቶ፣ መሪ ስለ ሕዝብ ገንዘብ የሚጠየቅበት ሥርዓት ከተደላደለ በኋላ፣ ያው የጥንቱ ተረት በሌላ በር ተመልሶ ሲገባ እናያለን፤ የሚገባበትም በር ታማኝነት ይባላል። ታማኝነት በራሱ ክቡር ምግባር ነው፤ ያለ እርሱ ትዳር አይጸናም፣ ማኅበር አይቆምም፣ ሠራዊትም አይዘምትም። መሪን ከተጠያቂነት የሚያድን ሰው ራሱን ከታማኞች ወገን የሚቈጥረው፣ ይህ ዓይነቱም ጥፋት ከግልጽ ምዝበራ ይልቅ ለማረም የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው። እኔ ግን መሪውን ከጥያቄ የሚጋርድ ሰው ለአገሩ ቀርቶ ለመሪውም ለድርጅቱም ታማኝ አይደለም እላለሁ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ በጊዜው ያነሣው ሰው ግን ለሦስቱም ታማኝ ነው።

ለዚህ ነገር የደቡብ አፍሪካን ታሪክ ምስክር አድርጌ እጠራለሁ፤ ዓመታቱን የምጠቅሰውም በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ለእኛ ባዕድ ድርጅት አይደለም፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ ከኢትዮጵያውያን መኰንኖች የጦር ትምህርት ሲማሩ፣ ድርጅቱ በገዛ አገሩ ታግዶ፣ አባሎቹም ከፖሊስ ዓይን ተሰውረው የሚኖሩበት ዘመን ነበረ። በዚያው ዓመት የድርጅቱን የጦር ክንፍ የተቀላቀሉት ወጣቱ ጄኮብ ዙማ በማግሥቱ ዓመት ተይዘው 10 ዓመት በሮበን ደሴት ታሰሩ፤ ከእስር ከወጡ በኋላም ወደ ስደት ሄደው የድርጅቱን የስለላ ሥራ እስከ መምራት ደረሱ። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ምስጢር መጠበቅና አለቃን አለመጠየቅ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበረ፤ አንድ ሰው ያወጣው ቃል አሥር ሰው ያስገድል ነበርና። ያ የመከራ ዘመን ተግሣጽ ድርጅቱን ለድል አበቃው፤ ነገር ግን በ1994 ድርጅቱ ከስደት ወደ መንግሥት ሲገባ ተግሣጹም አብሮት ገባ፣ ነፍስን ለማዳን የተሠራው ዝምታም የግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ተሾመ።

በ2005 የደርባን ፍርድ ቤት ሻቢር ሼክ የተባለውን ነጋዴ፣ በጊዜው ምክትል ፕሬዚዳንት ለነበሩት ለዙማ በሙስና መንገድ ገንዘብ ከፍሏል ብሎ 15 ዓመት እስራት ሲፈርድበት፣ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ዙማን ወዲያው ከሥልጣን አነሡ። የዙማ ወገኖች ነገሩን የምቤኪ ሤራ አድርገው አዩት፤ ጥርጣሬያቸውም ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ዐቃቤ ሕግ በዙማ ላይ የመሠረተውን ክስ በ2009 ያነሣው የክሱን ጊዜ ለፖለቲካ ጥቅም ስለ ማመቻቸት የተነጋገሩ ሰዎች የተቀዳ ድምፅ በመገኘቱ ነውና። ዙማ ከዚያ በፊት፣ በታኅሣሥ 2007 በፖሎክዋኔ በተደረገው ጉባኤ ምቤኪን አሸንፈው የድርጅቱ መሪ ሆነው ነበር፤ ክሱ በተነሣ በጥቂት ሳምንታትም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ክሱ በ2018 እንደገና ተከፍቷል፤ እርሳቸውም ይክዳሉ። እኔ ስለ እርሱ ጉዳይ አልፈርድም፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር ፍርድ ባገኘው በሌላው ጉዳይ ላይ ይመሠረታል።

ያ ጉዳይ ንካንድላ ነው። በክዋዙሉ ናታል ገጠር በሚገኘው በዙማ መኖሪያ ግቢ፣ ለደኅንነት ጥበቃ ተብሎ ወጪው 246 ሚሊዮን ራንድ ገደማ ይደርሳል የተባለ ሥራ በመንግሥት ገንዘብ ተሠራ። የኛ ሰው እንባ ጠባቂ የሚለውን ዓይነት ሹመት ይዘው የነበሩት ቱሊ ማዶንሴላ፣ ነገሩን መርምረው በመጋቢት 2014 ባወጡት ዘገባ፣ የመዋኛ ገንዳው፣ የከብት በረቱ፣ የዶሮ ቤቱ፣ የእንግዳ መቀበያውና የትርኢት መድረኩ ከጥበቃ ጋር አንዳች ግንኙነት የሌላቸው ስለ ሆኑ፣ ፕሬዚዳንቱ ከወጪው ተገቢውን ድርሻ ይመልሱ ብለው ወሰኑ። በሚቀጥለው ዓመት የፖሊስ ሚኒስትሩ ንኮሲናቲ ንህሌኮ የመዋኛ ገንዳው እሳት ለማጥፋት የተቈፈረ ነው፣ ፕሬዚዳንቱም አንድ ሳንቲም አይከፍሉም የሚል ዘገባ አቀረቡ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከገንዳው ውኃ እየሳቡ ሲረጩ የሚያሳይ ፊልምም ተጨመረበት። በሕዝብ የተመረጡ፣ ብዙዎቹም በትግሉ ጊዜ የታሰሩና የተሰደዱ የተከበሩ ሰዎች ይህን አይተው፣ ዘገባውን በድምፅ ብልጫ አጸደቁት። ከእነርሱ መካከል ገንዳው የእሳት ማጥፊያ መሆኑን በልቡ ያመነ ብዙ ሰው ነበረ ለማለት እቸገራለሁ።

በመጋቢት 31 ቀን 2016 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ የሰጠውን ፍርድ ዋና ዳኛው ሞጎዬንግ ሞጎዬንግ በችሎት ሲያነቡ፣ ዓለም ሁሉ ያስተዋለው ፕሬዚዳንቱ ሕገ መንግሥቱን አላከበሩም የተባለውን የመጀመሪያውን ክፍል ነው። እኔ ግን ክብደቱ በሁለተኛው ክፍል ነው ባይ ነኝ፤ ምክር ቤቱም ፕሬዚዳንቱን ነፃ በማውጣቱ የራሱን ግዴታ እንደ ጣሰ ፍርዱ በግልጽ ተናግሯልና። አንድ ሰው ቤቱን በሰው ገንዘብ ቢያሳምር የአንድ ሰው በደል ነው፤ ጠባቂ ሆነው የተሾሙት በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ዓይናቸውን ቢጨፍኑ ግን የመንግሥት ሥርዓት መፍረስ ነው። ከዚያ ፍርድ በኋላ በአምስተኛው ቀን ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን ለማንሣት የቀረበው ሐሳብ በ143 ድጋፍ ላይ 233 ተቃውሞ ገጥሞት ወደቀ።

ይህን ስንሰማ እነዚያን 233 ሰዎች ፈሪዎችና ሆዳሞች ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ፍርድ አያስተምርም። በዚያን ጊዜ በነበረው የደቡብ አፍሪካ ሕግ ሕዝቡ የሚመርጠው ፓርቲን ነበረ፤ እንደራሴው ወደ ምክር ቤት የሚገባው ፓርቲው በሠራው የስም ዝርዝር ተራውን ጠብቆ ሲሆን፣ ከፓርቲው አባልነት የተሰረዘ ቀን ወንበሩንም ያጣል። እንግዲህ እንደራሴው እጁን ሲያወጣ በዓይነ ኅሊናው የሚታዩት ደመወዙ፣ የቤት ዕዳው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና ስሙን ከዝርዝሩ ሊፍቅ የሚችለው ሰው ፊት ናቸው። በእኛ አገር ቋንቋ እንዲህ ያለ ሰው የሚፈራው ወጪት ሰባሪ እንዳይባል ነው፤ የበላበትን ወጪት የሰበረ ሰው በማኅበራችን ዘንድ ከሌባ ይልቅ ይጠላል። ስድቡ እውነተኛ ስድብ የሚሆነው ግን ወጪቱ የማን እንደ ሆነ ሳንሳሳት ስንናገረው ብቻ ነው፤ እንደራሴውን የሚያበላው ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው፣ መሪውም ከዚያው ወጪት የሚበላ ሌላ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ ወጪት ሰባሪ የሚለው ስም የሚገባው፣ ለእንግዳው ሲያደላ ባለቤቱን ለሚክደው ሰው ነው። የእንደራሴውም ቃለ መሐላ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የሚምለው ለሪፐብሊኩና ለሕገ መንግሥቱ ነው፣ የፓርቲ ስም በመሐላው ውስጥ የለም። ዙማ ግን በ2015 ለእርሳቸው ከአገር ይልቅ ድርጅታቸው እንደሚቀድም በአደባባይ ተናግረዋል።

መፍራት ብቻ እንጂ እምነት አለመኖሩን ያጋለጠው የነሐሴ 2017ቱ ድምፅ ነው። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት አፈ ጉባኤዋ ድምፁ በምስጢር እንዲሰጥ ለማዘዝ ሥልጣን እንዳላቸው ከበየነ በኋላ፣ አፈ ጉባኤዋ ባሌካ ምቤቴ እንዲሁ አዘዙ፤ ዙማ በ198 ተቃውሞ ከሥልጣን ከመውረድ ቢድኑም፣ ይውረዱ ያሉት ግን 177 ነበሩ። ተቃዋሚዎቹ በሙሉ ቢደመሩ 151 ወንበር ብቻ ነበራቸውና፣ ከገዢው ፓርቲ ቢያንስ 26 እንደራሴዎች መጋረጃው ሲወርድላቸው መሪያቸውን ተቃውመዋል ማለት ነው። ብርሃን ሲበራ የሚታይ፣ ሲጠፋ የሚጠፋ ታማኝነት የግብዝነት ወገን ነው፤ እንዲህ ያለውን ታማኝ በዙሪያው የሰበሰበ መሪም በመከራው ቀን ብቻውን መሆኑን ሳያውቅ የሚኖር ምስኪን ነው።

እዚህ ላይ ቅን የሆነ ተቃዋሚ፣ «ሰው ስለ ታማ ብቻ ይፈረድበታልን? የመሪ ጠላቶች በሐሰት ቢከሱትስ ወዳጆቹ አሳልፈው ሊሰጡት ነውን?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከላይ የጠቀስሁት የ2009 ነገርም የፖለቲካ ጠላትነት ወደ ፍርድ ቤት ሊሾልክ እንደሚችል ያስረዳል። ነገር ግን ፍርድን ማቆየትና ምርመራን መከልከል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወዳጄ ንጹሕ ነው ብሎ የሚያምን ሰው መዝገቡ እንዲከፈት የመጀመሪያው ፈቃጅ መሆን ይገባዋል፤ መዝገቡ ተዘግቶ በድምፅ ብልጫ ነፃ የወጣ ሰው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናው አይታመንለትም። በቅዱስ መጽሐፍም ዳዊት በኦርዮ ላይ በደል በፈጸመ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ብዙ ታዛዦች እንደ ነበሩት እያወቅን፣ ወዳጅነቱን የምንመሰክርለት በንጉሡ ፊት ቆሞ የድኻውን በግ ምሳሌ የነገረውን ነቢዩን ናታንን ነው፤ ንጉሡ ለንስሓ የበቃውም በእርሱ ተግሣጽ እንጂ በታዛዦቹ ዝምታ አይደለም።

ደቡብ አፍሪካ ናታን አልጠፋባትም ነበር። ከማንዴላ ጋር ተፈርዶባቸው 26 ዓመት የታሰሩት አሕመድ ካትራዳ፣ ፍርዱ በተነበበ ሰሞን ለዙማ በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ፣ በድርጅቱ ጉዳይ በአደባባይ ተለይተው መናገር ልማዳቸው እንዳልነበረ አስታውሰው፣ ከሥልጣን እንዲወርዱ ለመኑአቸው። በማግሥቱ ዓመት አረፉና፣ ያ ደብዳቤ በቀብራቸው ላይ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በክጋሌማ ሞትላንቴ አንደበት ተነበበ። ዕድሜአቸውን ሙሉ ለድርጅቱ የገበሩት አዛውንት ከሃዲ ሊባሉ አይችሉም፤ ወንበር አይፈልጉ፣ ከዝርዝር አይሰረዙ፤ ስለዚህ በእርሳቸው አንደበት ታማኝነት ከእንጀራ ተለይቶ ሲናገር ሰማን። እንጀራቸው በመሪው እጅ የነበረው ግን ዋጋውን ከፈሉ፤ የገንዘብ ምክትል ሚኒስትሩ ምሴቢሲ ጆናስ፣ የዙማ ወዳጅ የነበረው የነጋዴዎቹ የጉፕታ ቤተሰብ የሚኒስትርነት ሹመት እንዳቀረበላቸውና እምቢ እንዳሉ በ2016 በይፋ ከተናገሩ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት ከሚኒስትራቸው ከፕራቪን ጎርዳን ጋር ከሥራ ተነሡ።

አሁን ሒሳቡን እናስላ። ፍርድ ቤቱ ባዘዘው መሠረት ግምጃ ቤቱ አስልቶ ዙማን ያስከፈላቸው 7.8 ሚሊዮን ራንድ ነው፤ ድርጅቱ በ2014 «አባታችን፣ ይህን ይክፈሉና ነገሩ ይብቃ» ብሎአቸው ቢሆን ኖሮ የጥቂት ሳምንት ሐሜት ሆኖ ባለፈ ነበር። እርሳቸውን ለመከላከል የወጣው ዋጋ ግን ሊቈጠር አይችልም፤ በ2014 ከመቶ 62 ድምፅ ያገኘው ድርጅት በ2019 ወደ 57.5፣ በ2024 ወደ 40.18 ወርዶ፣ ከ1994 ጀምሮ የያዘውን የብቻ ብልጫ አጣ፤ ያን ሁሉ ዓመት የተከላከለላቸው ዙማም በአዲስ ፓርቲ ዘምተውበት ከመቶ 14.58 ድምፅ ወሰዱበት። በ2021 ፍርድ ቤትን በመድፈር በታሰሩ ጊዜ በተነሣው ሁከትና ዘረፋ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የንካንድላን ገንዳ በዓይናቸው አላዩትም።

ነገሩ ሁሉ የአንድ ሰው ጠባይ ነው ብሎ መጽናናትም አይቻልም። በታኅሣሥ 2022 በፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ የፋላ ፋላ እርሻ ከሶፋ ውስጥ ስለ ተሰረቀው ዶላር፣ በቀድሞ ዋና ዳኛ የተመራ ገለልተኛ ቡድን ፕሬዚዳንቱ የሚመልሱት ጥያቄ አለ ሲል፣ እርሳቸውም በደል አልፈጸምሁም ሲሉ፣ ምክር ቤቱ ምርመራው እንዳይቀጥል በ214 ድምፅ በ148 ላይ ወሰነ። ራማፎሳ ንጹሕ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያ ድምፅ ግን ንጽሕናቸውን አልመሰከረም። በዙማ ዘመን የተፈጸመውን የመረመረው የዳኛ ዞንዶ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ፣ እንደራሴ የመቈጣጠር ሥራውን በቅንነት በመሥራቱ ወንበሩን እንዳያጣ ሕግ ይጠብቀው ዘንድ ምክር ቤቱ እንዲያስብበት አሳስቧል፤ በሰው ጀግንነት ላይ ብቻ የሚተማመን ሥርዓት ካትራዳን የመሰለ ሰው እስኪወለድ መጠበቅ ስላለበት፣ ይህ ምክር ከብዙ ስብከት ይሻላል።

ስለዚህ በየትም አገር ያለ ዜጋ፣ አንድ ፓርቲ መሪዬ ንጹሕ ነው ብሎ ሲምልለት በመሐላው አይመዝነው፤ ንጹሕ ያልሆነ ሁሉ ይምላልና። ይልቅስ በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ገንዘብ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያነሣው ሰው ማን እንደ ነበረ፣ ዛሬስ በሹመቱ ላይ እንዳለ ወይም እንደ ተባረረ ይጠይቅ። ጠያቂው የተባረረበት ቤት ለመሪውም ቢሆን የሚቆምለት ወዳጅ አላስቀረም፤ ድምፃችንንም፣ ግብራችንንም አምነን ልንሰጠው አይገባም።